ኦቶሴና ነጩ ድንጋይ

ኦቶሴን መጀመሪያ የጠላኋት በፒፓዬ ምክንያት ነው። ይህን ሳላፍር እናገራለሁ፤ በኋላ ሳመሰግናት የሚሰማኝ ሰው፣ ስጠላትም ከልቤ እንደነበር ይወቅልኝ።

ስሜ ጊሄይ ይባላል፤ የሺባታ ከተማ ሳጥን ሠሪ ነኝ። ኪሪ ከሚባለው ነጭና ቀላል እንጨት፣ መዳፍ የምታክል ባለ ክዳን ሳጥን እሠራለሁ። ያን ጊዜ በእኛ ከተማ የሰው መልክ የሚነሳው መስታወት ላይ ነበር፤ መስታወት ደግሞ ተሰባሪ ነውና ማደሪያ ይፈልጋል። መልኩን የሚያነሳው ጎረቤቴ ሪዮኪቺ፣ ማደሪያውን የምሠራው እኔ ነበርን። አጥራችን አንድ ነው፤ በጓሯችን የሚያልፈውም የውሃ ቦይ አንድ ነው። ሪዮኪቺ ሰው ፊት ሲቆም የሚያፍር፣ ራሱን ካሜራው ጨርቅ ውስጥ ሲከት ግን ጄኔራል የሚሆን ልጅ ነው። "አገጭ ቀና! እንዳትተነፍስ!" እያለ የወረዳውን ሹም ሳይቀር ያንቀጠቅጣል። ከጨርቁ ሲወጣ ደግሞ እንደገና ያፍራል።

ይህ ሰው ሚስት አገባ ተባለ፤ የኒጋታ ወደብ መድኃኒት ነጋዴ ልጅ። በመጣች በሳምንቷ ሳጥን ላስረክብ ሄድኩና፣ ፒፓዬን እያቦነንኩ ወደ ጨለማው ክፍል ጠጋ አልኩ። በሩ ተበረገደ። አንዲት አጭር ሴት ወጣች፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ፒፓዬን ከአፌ ነጥቃ በረዶው ውስጥ ሰካችው።

"አንቺ! የአባቴ ፒፓ እኮ ነው!"

"የአባትዎን ነፍስ ይማር፣ አጎቴ። እርስዎ ግን ገና በሕይወት ነዎት። እዚህ ውስጥ ኤተር አለ፤ እንኳን እሳቱን የእሳት ወሬም አይችል።"

"ሪዮኪቺ እዚሁ ሲያጨስ ኖሮ የለም እንዴ?"

"ለዚያ አይደል ግራ ቅንድቡ የሌለው!"

እውነትም አልነበረውም። ስድስት ዓመት ጎረቤት ስሆን ተፈጥሮው ይመስለኝ ነበር። ሳልሰናበት ወጣሁ፤ ፒፓዬንም ሁለት ቀን አደረቅሁ። "ዓይኗን በጨው የታጠበች" ብዬ ለሚስቴ ነገርኳት፤ ሚስቴም ለሠፈሩ ነገረች።

እሷ ከመጣች በኋላ ያ ክፍል ሌላ ክፍል ሆነ። በበረዶው ወራት ባሏ ጣቱ ቢደነዝዝም ማንደጃ አይገባም አለች። ጣራው ላይ ጭስ መውጫ የሚመስል ቀዳዳ አስከፈተች። የመድኃኒቱን እጣቢ ወደ ቦዩ መድፋት ቀረ፤ ሴቶቹ ከታች ፍጅል የሚያጥቡበት ውሃ ነውና፣ ከጉድጓድ ውሃችን አርቃ ባስቆፈረችው ጉድጓድ በማሰሮ ተሸክማ ትደፋዋለች። የሻይ ስኒ ደግሞ ደጃፉን አይረግጥም። የዚህን ምክንያት አንድ ቀን ራሷ ነገረችኝ። የሪዮኪቺ መምህር በኒጋታ ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ነበሩ። የበጋ ቀን ውሃ ጠማቸውና ያገኙትን ስኒ አንስተው ጨለጡ። ስኒው ውስጥ የነበረው የነጩ ድንጋይ ውሃ ነው። አባቷን ሰዎች ሮጠው ሲጠሯቸው እሷም ተከትላ ሄደች፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። እዚያ ያየችውን ግን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ነጩ ድንጋይ የምንለውን መድኃኒት ቤቶች ሲያናይድ ይሉታል። ሲታይ የስኳር እንኩቶ ነው። መስታወቱ ከካሜራ ወጥቶ የብረት ውሃ ሲፈስበት መልኩ ይመጣል፤ ግን ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ያን ወተት ገፎ ፊትን ፍንትው የሚያደርገው የድንጋዩ ውሃ ነው። ሌላም መድኃኒት አለ፤ ፊት ያጠቁራል ብለው ደንበኞች አይወዱትም። ሰው መልኩ ነጥቶ እንዲታይ የማይፈልግ የት አገር አለ?

የብረቱ ውሃ ደግሞ ኮምጣጤ አለበት። ኮምጣጤና ድንጋዩ እሳትና ጭድ ናቸው፤ ሲገናኙ የሚወጣው አየር ሰው ይጥላል። ስለዚህ ኦቶሴ ኮምጣጣውን ሁሉ በምሥራቁ ግድግዳ፣ ድንጋዩን በምዕራቡ አድርጋ ለያየቻቸው። በመካከላቸው ንጹሕ ውሃ ሁለት ገንዳ አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስታልፍ እጇን ታጥባለች፤ ቀን ሙሉ ትታጠባለች። ድንጋዩን በቁልፍ ትዘጋበታለች፤ ቁልፉ ሁለት ነው፣ አንዱ በእሷ፣ አንዱ በባሏ መቀነት። እኛ ሳቅንባት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ መሆኑ የገባን ቆይቶ ነው።

የማይታጠብ ነገር ግን ነበረባት። መስታወቱ የሚነከርበት የብር ውሃ የነካውን ሁሉ ያጠቁራል፤ ጣቷ እስከ አንጓዋ ከሰል ነበር። አማቷ ኦኩማ ከዚህ ሌላ ጉድለት አላገኙባትም፤ ይህ አንዱ ግን በቂያቸው ነበር። ባላቸው በቀድሞው ዘመን የጌታው ቤተ መንግሥት ጦረኛ የነበሩ፣ አሁን ከሰይፉ መያዣ በቀር ምንም ያልቀራቸው፣ ጀርባቸው ግን ያልጎበጠ ሴት ናቸው። የሙያው ሰዎች ለዓመት በዓል እጃቸውን የሚያነጡበት መላ ነበራቸው፤ ነጩን ድንጋይ በውሃ ረጠብ አድርገው ያሹበታል፣ ጥቁሩ ሙልጭ ብሎ ይወጣል። ሪዮኪቺም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ኦቶሴ ግን እሱንም አስተወችው፣ ራሷም እምቢ አለች።

"ድንጋዩ ጥቁሩን ብቻ መርጦ አይበላም" ነው መልሷ።

ነገሩ የፈነዳው በንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ሃያ ሰባተኛው የግዛት ዓመት፣ የከተማችን ጦር ባሕር ተሻግሮ ሊዋጋ በተሰናዳበት የበረዶ ወር ነው። ወታደሩ ሁሉ ለእናቱ መልኩን ትቶ መሄድ ፈልጎ ደጃቸው ተሰልፏል። በዚያው ሰሞን የሪዮኪቺ ታናሽ እህት ኦሚኔ ታጨች። የፈለጓት የከተማው ትልቁ የሳኬ፣ የሩዝ ጠላችን፣ ጠማቂ ቤት ሰዎች ናቸው። አገናኙ ቶራዞ፣ ሠላሳ ጋብቻ ያስማማሁ ነኝ እያለ የሚኩራራ ሽማግሌ፣ የልጁን እናት ይዞ ልጅቱን ሊያሳይ ቀን ቆረጠ። እንደ ወጉ ለእንግዶቹ ሻይ የምታቀርበው ምራቲቱ ናት። ሻይ የሚቀርበው ደግሞ በእጅ ነው።

በዚያ ቀን ጠዋት የወታደሮቹን ሳጥን ይዤ ወጥ ቤታቸው ተቀምጬ መስታወት እከትታለሁ። ኦኩማ የክብር ኪሞኗቸውን ለብሰው ገቡና አንዲት የሸክላ ሳህን ኦቶሴ ፊት አኖሩ። ሳህኑ ላይ ነጩ ድንጋይ ተቀምጧል። ቁልፉን ከልጃቸው እንደወሰዱ ገባኝ፤ ለእናቱ እምቢ ማለት የሚችል ልጅ አይደለም።

"እንግዶቹ ሳይደርሱ እጅሽን አንጪ" አሏት።

"አልችልም፣ እናቴ። ትናንት መስታወት ቆርጦኛል፤ ይኸው አውራ ጣቴ።"

"ይህቺን ጭረት? ድመት ብትቧጭርሽ ይበልጥ ነበር!"

"ለድንጋዩ ግን በር ነች። ገባ ማለት ነው።"

"የባልሽ እጅ ስንት ዓመት ታሸ፣ ሞተ?"

"አልሞተም። ዕድለኛ ነው።"

እኔም አላስቻለኝም። "ለአንድ ቀን ነው እኮ፣ ኦቶሴ። ለልጅቷ ብለሽ እጅሽን ብታነጪ ምን ይቀርብሻል?" አልኳት። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ምላሴን እነክሳለሁ።

እሷም ዞር ብላ "አጎቴ፣ ፒፓዎ ደረቀልዎት?" አለችኝ። ወደ ሳጥኔ አቀረቀርኩ።

ኦኩማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ዝቅ ሲያደርጉ ነው የሚያስፈሩት። "ወይ እጅሽን አንጪ፣ ወይ ጓዝሽን አንሺ። ልጄን ዕድሏን የምትዘጋባት ሴት በዚህ ቤት አታድርም" ብለው ወጡ።

እንግዲህ የኦቶሴ ነገር በዚያች ሳህን ላይ ተንጠለጠለ። አማት ምራቴን አልፈልግም ካለች በእኛ ዘንድ ነገሩ አለቀ፤ ባል ቢያለቅስም ያለቅሳል እንጂ አያስቀርም። ኦቶሴ ሳህኑን በጨርቅ ሸፈነችው። መልሳ ልትቆልፍበት ስትል፣ የራሷ ቁልፍ ጨለማው ክፍል በተሰቀለው የሥራ ልብሷ መቀነት ላይ ቀርቶ ነበርና ልታመጣ ተነሳች። እኔም የሞላሁትን ሳጥን ወደ ፊት ለፊት ክፍል ተሸከምኩ። ወጥ ቤቱ ባዶ የሆነው አንድ ፒፓ ተለኩሶ እስኪያልቅ እንኳ ላልሞላ ጊዜ ነው።

ኦሚኔ የገባችው ያኔ ነው። ለወንድሟ መስታወት የምትወለውለው እሷ ነበረች፤ ሦስት ጣቶቿ ነቁጥ ነቁጥ ጥቁር አለባቸው። አጊጣ፣ ተኳኩላ፣ ጣቶቿን ስታይ አፈረች። ጨርቁን ገለጠች፤ እናቷ ያኖሩት ነገር ነውና ለእሷም የታሰበ መሰላት። ድንጋዩን በውሃ ነክራ ማሸት ጀመረች። በጣቷ መሐል ደግሞ፣ መስታወት ወልዋይ ነችና፣ የትናንት የዛሬ ጭረት አይጠፋም።

ኦቶሴ ስትመለስ ሳህኑ ባዶ ነው፤ ኦሚኔ ግድግዳ ተደግፋ "እህቴ፣ ቤቱ ዞረብኝ" ትላለች። እኔ የሰማሁት የኦቶሴን ጩኸት ነው፤ "ውጪ! ወደ ነፋሱ!" የሚል። በወገቧ አንቃ፣ ከእሷ በራስ የምትበልጠውን ልጅ እየጎተተች በጓሮ በር ወጣች። ቦዩ ዳር አንበርክካ እጇን እስከ ክንዷ የበረዶ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ልጅቷ መዳፏን ጨብጣ ቀርታለች፤ ድንጋዩ ገና ውስጡ አለ።

"ክፈቺው! ጣትሽን ክፈቺ እንጂ!" ትላለች ኦቶሴ። ወዲያው ቀና ብላ ወደ ታች ጮኸች፤ "ከቦዩ ውሃ እንዳትቀዱ! እስከ ቀትር ማንም እንዳይነካ!" በዚያ ጭንቅ ውስጥ ስለ ጎረቤት ፍጅል ማሰቧ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በዚህ መሐል ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሆነ። በጎን በር ቶራዞ የሳኬ ጠማቂውን ሚስት እየመራ ገባ። ከወጥ ቤት ደግሞ ኦኩማ የፕሪም ኮምጣጤ እንስራቸውን ታቅፈው ወጡ። የእኛ አገር ሰው ለሆድ ቁርጠት ፕሪም፣ ለራስ ምታት ፕሪም፣ ለመርዝም ፕሪም ነው። እናት ናቸው፤ ልጃቸው ስትወድቅ አይተው እናታቸው ያስተማሯቸውን መድኃኒት ይዘው ሮጡ። ያን ቀይ ኮምጣጤ በልጅቷ መዳፍ ላይ፣ ገና ድንጋዩ ባለበት፣ ከአፍንጫዋ በታች ሊያፈሱት እንስራውን አዘነበሉ።

ኦቶሴ እጇን ሰነዘረች። እንስራው ከኦኩማ ክንድ ተስፈንጥሮ በረዶው ላይ ተፈረከሰ። ቀዩ ኮምጣጤ የኦኩማን የክብር ኪሞኖ አራሰው፣ የእንግዳይቱንም ነጭ ካልሲ ረጨ። ምራት በአማቷ ላይ እጅ አነሳች፤ በአገናኝ ፊት፣ በአማች ፊት!

"ኮምጣጤው ነው የሚገድላት!" አለች ኦቶሴ። የማንንም ፊት አላየችም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ድንጋዩን አወጣችና በጨርቅ ጠቀለለችው፤ ልጅቷን ውሃ ውስጥ አድርጋ ታሻት ጀመር። "ተንፍሺ፣ ኦሚኔ። እንደገና። አሁንም።" የራሷ አውራ ጣት የተቆረጠ ነውና ያንኑም ከጎኗ ታጥባለች። የሳኬ ጠማቂው ሚስት ካልሲዋን አየች፣ ሁለቱን ሴቶች አየች፣ ዞራ ሄደች። ቶራዞ ተከተላት።

ኦሚኔ አስታወከች፣ እስከ ማታ ራሷን እያመማት ተኛች፤ በማግስቱ ገንፎ ጠየቀች። ዳነች። ጋብቻው ግን ሞተ። ኦኩማ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴት ሆኑ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከክፍላቸው አልወጡም።

ኦቶሴን በአጥሩ ላይ ሆኜ አየኋት፤ ልብሷን በጨርቅ ትቋጥራለች።

"ሂጂ አሉሽ?"

"ገና ናቸው። ሲሉኝ እንዳልጠብቅ ብዬ ነው፣ አጎቴ።"

"አንቺ እኮ ነሽ ያዳንሻት! ምን በደልሽ?"

"ድንጋዩን በጨርቅ ሸፍኜ ሄድኩ። ሸፍኜ! ለሌላው ሰው ሁሉ በቁልፍ እያልኩ።" ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ ድምጿ ግን አልነበረም። "የኮምጣጤውን እንስራ ግን ነገም ቢሆን እመታዋለሁ።"

"እኔም እጅሽን አንጪ ብዬሻለሁ፤ ጅል ነኝ" አልኳት። "አውቃለሁ" አለችኝ። ይቅርታዬ በዚህ አለቀ።

በአራተኛው ቀን ቶራዞ ተመልሶ መጣ። የምሳ ሰዓት ነበር፤ ኦኩማ ጎረቤት ምስክር ይሁን ብለው እኔንም አስጠሩኝ። እሳቸው እንደ ወትሮው ከሩዙ ድስት አጠገብ፣ ጀርባቸው ቀጥ ብሎ ተቀምጠዋል። ሪዮኪቺ አንገቱን ደፍቷል። ኦሚኔ ከታጣፊው መከለያ ኋላ ናት። ኦቶሴ በሩ ሥር፣ ጓዟን ከጎኗ አድርጋ።

ቶራዞ ጉሮሮውን ጠረገ። "እመቤት ኦኩማ፣ ደስ የሚል ወሬ ነው የያዝኩት። ልጁ ልጅቱን በገበያ አይቷት ኖሮ፣ ከእሷ ሌላ አላገባም ብሎ እናቱን አስጨንቋል። እናቱም ተለሳልሰዋል። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት።" ወደ በሩ አላየም። "እጇ እንደ ከሰል አክሳይ የሆነ፣ አማቷን የምትማታ ሴት ካለችበት ቤት ሙሽራ አንወስድም ነው የሚሉት። እርስዎ ይህችን ለአባቷ ከመለሱ፣ ጋብቻው ለአዲስ ዓመት ያልቃል። ማንም አይወቅስዎትም፤ ከተማው ሁሉ ያየው ነገር ነው።"

ሳኬ ጠማቂው ቤት ማለት ጎተራ ሩዝ፣ ለኦሚኔ የዕድሜ ልክ ጥጋብ ነው። እንደ ኦኩማ ላሉ ድሀ ኩሩ ሴት ይህ ሁለት ጊዜ አይመጣም። ሪዮኪቺ አፉን ከፈተ፣ "እናቴ፣ እኔ..." አለ፣ ቀጣዩ አልመጣለትም። ካሜራው ጨርቅ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይናገር ነበር።

ኦኩማ "ርቦዎታል፣ ጌታዬ ቶራዞ?" ሲሉ ጠየቁ።

"እ? እንግዲህ... መንገዱ በረዶ ነው።"

ኦኩማ የድስቱን ክዳን አነሱ። የሩዙን ጭልፋ አንስተው ቆሙ፤ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ተሰማ። ክፍሉን አቋርጠው በሩ ሥር ደረሱና ጭልፋውን ለኦቶሴ ዘረጉላት።

በእኛ አገር ቤቱ የጭልፋው ያዥ ነው። አማት እስክትጃጅ ድረስ ይዛው ትኖራለች፤ ለምራቷ የሰጠች ቀን የቤቱን እመቤትነት ሰጠች። የእኔ እናት ይዛው ነው የሞተችው፤ ሚስቴ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቃለች። ኦኩማ ገና አምሳ ዓመት አልሞላቸውም።

ኦቶሴ አልተንቀሳቀሰችም። "እጄ ጥቁር ነው፣ እናቴ" አለች።

"አያለሁ። ዓይኔ ገና አልጠፋም። ድንጋዩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ኮምጣጤውንም ያመጣሁት እኔ። አንቺ ባትኖሪ ዛሬ ሰርግ ሳይሆን ቀብር ነበር የምንቆጥረው። ያዢ እንጂ፣ ክንዴ ደከመ!"

ኦቶሴ ያዘችው።

"መጀመሪያ ለእንግዳው፣ ከዚያ ለልጆቹና ለጎረቤት። ለእኔ መጨረሻ" አሉና ከእኛ በታች፣ የምራት ቦታ ላይ ተቀመጡ።

ከመከለያው ኋላ "ለእኔ ሞላ አድርጊው፣ እህቴ!" የሚል ድምፅ መጣ። ባል ያመለጣት ልጅ ድምፅ አይመስልም ነበር።

ቶራዞ ግራ ገባው። "እመቤት ኦኩማ፣ ለሳኬ ጠማቂው ቤት ምን ብዬ ልመልስ? ይህ መልስ ነው?"

"ሩዝ ነው" አሉት። "ይብሉ፣ ይቀዘቅዛል።"

ኦቶሴ እጇን ታጥባ፣ ሩዙን ጨልፋ፣ ሳህኑን በእነዚያ ከሰል ጣቶቿ ይዛ ፊቱ ተንበረከከች። ሽማግሌው ጣቶቿን ለረጅም ጊዜ አያቸው። ሠላሳ ጋብቻ ያስማማ ሰው ነው፤ የቤት እመቤት ማን እንደሆነች ማወቅ ሥራው ነው። ሳህኑን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ግንባሩ ምንጣፉን እስኪነካ ድረስ አጎነበሰላት።